ሆስፒታሉ ይስፋ፤ ሜዳውስ?

በጎጃም ከሰከላ እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ በየትኛውም ስብሰባ ላይ «ሆስፒታል ሊሰፋ ነው» ሲባል ደፍሮ የሚቃወም ሰው አይገኝም። ቢገኝም «ሚስትህን ምጥ ቢይዛት የት ልትወስዳት ነው?» ይባልና ዝም ይላል። ጥያቄው ትክክለኛ ስለሆነ መልስ የለውም። እኔም ዛሬ የምጽፈው ሆስፒታል አይስፋ ለማለት አይደለም። የሚሰፋበት መሬት እስከ ትናንት ለማን ምን ይሰጥ እንደነበር፣ ነገስ በምትኩ ምን እንደሚገኝ የሚጠይቅ ሰው ስለጠፋ ነው።

ችግሩን እናውቀዋለን። በአገራችን የጤና ሥርዓት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ፣ አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታሰበው። ይህን ሁሉ ሰው በጥቂት ክፍል ማስተናገድ ምን ማለት እንደሆነ ወረፋ የጠበቀ ያውቀዋል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከ50 በላይ መቁሰላቸውን የከተማው ሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ተናግረው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ከተማ አንድ አልጋ ትርፍ ነው የሚል ሰው ካለ ልቡ ድንጋይ ነው።

እንግዲህ መሬቱ ከየት ይመጣል? አገራችን ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሜዳ የሆነው ቦታ የከብት ግጦሽ፣ የታቦት ማደሪያ፣ የልጆች ኳስ መጫወቻ፣ የሽማግሌ ሸንጎ ነው። የግል ማሳ ቢነካ ካሳ ይጠየቅበታል፣ ባለቤቱ ደብተሩን ይዞ ይሟገታል፣ ልጆቹም ይጮኻሉ። የወል መሬት ግን የሁሉም ስለሆነ አቤት የሚልለት አንድ ሰው የለም። መሐንዲሱም ሜዳ ይወዳል፤ ቆረጣና ሙሌት አያስወጣውም። ስለዚህ ትምህርት ቤትም ሆነ ጤና ጣቢያ፣ መጋዘንም ሆነ ሆስፒታል፣ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው።

ሕጉም ለወል መሬት እጅግ የጠበቀ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456/1997 መንግሥት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የወል ይዞታን ወደ ግል ይዞታ እንዲያዞር ይፈቅድ ነበር። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተሻለ ነው። ተነሺዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ እንዲመከሩ ያዝዛል፤ ቅሬታ ያለው አቤት የሚልበትንም መንገድ ያስቀምጣል። ግን «ተነሺ» ማን ነው? ሜዳው ላይ ቤት የሠራ የለም። ላሟን ስታሰማራ የኖረች ባልቴት ከየትም አልተነሳችም፤ ላሟ ናት የምትራበው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እንዲያውም ዋናው እርሱ ይመስለኛል። የትኛውም የገጠር ሆስፒታላችን በር ላይ ሂዱና እዩ። የታመመው አንድ ሰው፣ አብሮት የመጣው አራት ነው። ሴቶቹ ዛፍ ሥር ነጠላ ዘርግተው፣ ሦስት ድንጋይ ጎልተው፣ ሽሮ ያንተከትካሉ። የበሽተኛው ልብስ ታጥቦ ቁጥቋጦ ላይ ይሰጣል። አባትየው ጋቢውን ተከናንቦ ሣሩ ላይ ጋደም ብሏል፤ ሌሊቱን በእግሩ ሲጓዝ ነው ያደረው። በረኛው «የጥየቃ ሰዓት አልደረሰም» እያለ የሚመልሰው ሰው ሁሉ የሚያርፈው እዚያው ሣር ላይ ነው። ፕላን ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ባዶ የተተወው መሬት የአስታማሚ ክፍል ነው። እዚያ ላይ ብሎክ ሲቆም አልጋ ይጨመራል፤ አስታማሚው ግን አስፋልት ዳር ይወርዳል፤ ፀሐይና አቧራ፣ ከዚያም ባጃጅ። ሕሙማን የሚበሉትና የሚታጠቡት በእነዚህ ሰዎች እጅ መሆኑን እያወቅን ማረፊያቸውን ከሕክምናው ውጭ ያለ ነገር አድርገን መቁጠራችን ያሳዝነኛል።

በሰከላ ያለው የግሽ ዓባይ ሜዳ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ከግሽ ተራራ ሥር ያለው ረግረግ ሜዳ ባዶ መሬት አይደለም። ግልገል ዓባይ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚወርደው ከዚያ ነው፤ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ያን ያህል አገር አቋርጦ መጥቶ የቆመው እዚያ ሣር ላይ ነው። ምእመናንም ድኅነት ፍለጋ ወደ ጸበሉ የሚመጡት ከሩቅ ነው። ረግረግ መሬት የክረምቱን ዝናብ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቅ ስፖንጅ ነው። ቦይ ቀዳችሁ ካደረቃችሁት፣ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ከተከላችሁበት፣ ወይም ኮንክሪት ካፈሰሳችሁበት የታችኛው ምንጭ በሚያዝያ ይደክማል። ሆስፒታል ደግሞ ቤት ብቻ አይደለም። የመጸዳጃ ጉድጓድ አለው፣ የእንግዴ ልጅ መቅበሪያ አለው፣ የመርፌና የቁስል ጨርቅ ማቃጠያ አለው፣ የላቦራቶሪ ፍሳሽ አለው። ይህን ሁሉ ውኃው ከመሬት አንድ ክንድ በማይርቅበት ቦታ መቅበር ሕዝቡን በአንድ በኩል እያከሙ በሌላ በኩል ማሳመም ነው። በሰከላም ሆነ በሌላ ደጋ ስለ ቦታ የሚመክር ሰው ከሁሉ በፊት በነሐሴ አንድ ጉድጓድ አስቆፍሮ ውኃው የት ላይ እንደሚቆም ይይ።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሉዊስ ከተማ በ1876 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ከ500 ሄክታር በላይ የሚሰፋ ፎረስት ፓርክ የሚባል የሕዝብ ፓርክ አላት። አጠገቡ ያለው ባርንስ ጁዊሽ ሆስፒታል ከፓርኩ ጥግ መሬት ሲፈልግ ከተማው ሁለት ተከፈለ። ሆስፒታሉ ቦታውን በነፃ አላገኘም፤ ለፓርኩ ጥገና በየዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ኪራይ ነው የቀረበው። ነዋሪው ይህም አልበቃውም። በ2007 እ.ኤ.አ. የፓርክ መሬት ከመሸጡ ወይም ከመከራየቱ በፊት ሕዝብ ድምፅ ይስጥበት ብሎ የከተማውን ቻርተር አሻሻለ። እነርሱ ሐኪም ስለጠሉ አይደለም። ሜዳ አንዴ ከሄደ እንደማይመለስ ስለገባቸው ነው።

እኛም ከዚያ ያነሰ መጠየቅ የለብንም። መጀመሪያ አሁን ያለው ግቢ ይለካ። ብዙዎቹ ግቢዎቻችን ባለ አንድ ፎቅ እንኳ ያልሆኑ ብሎኮች የተበተኑባቸው፣ ጥጉ በተሰበረ አልጋና ጎማ በሌለው አምቡላንስ የተያዘ ነው። ወደ ላይ መሥራት ይቻል እንደሆነ መሐንዲስ በጽሑፍ ይመልስ። አይቻልም ከተባለ የሚወሰደው ሄክታር ተለክቶ፣ የሚተካው ቦታ የት እንደሆነ በካርታ ይታይ፤ ለከብቱ ሣር፣ ለልጁ ሜዳ፣ ለታቦቱ ማደሪያ። የአስታማሚ ማረፊያም ከነጥላውና ከነማብሰያው ከሕንፃው ጋር አብሮ በፕላኑ ይግባ፤ «በቀጣይ ምዕራፍ» አይባል።

ስብሰባው ደግሞ በገበያ ቀን አይጠራ። በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላም ላይ ይገኛል፤ እዚያው ይነገር። የሚጠራውም የአባወራ ስም ብቻ አይሁን። ከብት የሚጠብቀው ልጅ ይምጣ። ውኃ የምትቀዳዋም ትምጣ፤ ያ ምንጭ በሚያዝያ በሰዓት ስንት ጀሪካን እንደሚሞላ ከእርሷ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ መጀመሪያ እርሷ ትናገር፤ የተናገረችውም ከነቁጥሩ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።