ለማርክ ልብስ ያን ያህል ገንዘብ ይከፈላልን?



ባለፈው ተርም በስፌት ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ኦሪጅናል ልብስ ለምንድን ነው እንደዚያ የሚወደደው? ዋጋውስ ይገባዋል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም መኪናው ክር እየበጠሰ አስቸግሮኝ ስለነበር በችኮላ፣ «ስሙ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው ብለህ ነው» ብዬ አለፍኩት። መልሴ ጎደሎ መሆኑን የተረዳሁት ብዙም ሳይቆይ በገዛ ቤቴ ነው። ስለዚህ ለዚያ ተማሪ የሚገባውን መልስ በዚህች ቡለቲን ላቀርብለት ወደድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት አለችኝ። ትልቁ ልጄ ሁለተኛ ደረጃ መግባቱን በሰማች ጊዜ ለዩኒፎርሙ፣ ለደብተሩና ለፍራሽ ይሁን ብላ 100 ዶላር ላከች። ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ ከሁለት ታናናሾቹ ጋር በአንድ ፍራሽ ነበር የሚተኛው። ገንዘቡን ተቀብዬ ለራሱ ሰጠሁት፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፣ የካኩማንም ገበያ ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል ብዬ። ማታ ሲመለስ ዩኒፎርምና ደብተር ይዟል፤ ፍራሽ ግን የለም። በፍራሹ ፈንታ ያ የታጠፈ የናይክ ምልክት ያለበት ነጭ ጫማ አድርጓል። ዋጋው 4,500 ሽልንግ። በአስተማሪነት ከማገኘው የወር አበል ከግማሽ በላይ ማለት ነው።

«ኦሪጅናል ነው አባዬ፣ ባለሱቁ ምሎልኛል» አለኝ።

ከንዴት የተነሣ የምለው ጠፋኝ። መጀመሪያ ትዝ ያለኝ፣ እንደ ወላጅ ሁሉ፣ አበበ ቢቂላ ነበር። «አበበ እኮ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ማራቶን ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነው!» አልኩት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ «በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነበር» አለ። እውነቱን ነው። ሰዓቱም ከሮሙ ከሦስት ደቂቃ በላይ የተሻለ ነበር። እናቱ ፊቷን አዙራ ሳቀች፤ የእኔም ተግሣጽ እዚያው ላይ ቀረ።

ጫማው የቆየው ሦስት ሳምንት ነው። የካምፓችንን ፀሐይና አሸዋ ታውቁታላችሁ። የግራው ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፈተ። ቢላዬን አምጥቼ ፈታሁት፤ በውስጡ ያገኘሁት ካርቶን ነው። በሶሉ ዙሪያ ስፌት የሚመስለው መስመር በላስቲኩ ላይ የተቀረጸ እንጂ ክር የገባበት አልነበረም። ባለሱቁን ሄጄ ብጠይቀው እሱም ኦሪጅናል ተብሎ እንደገዛው ማለልኝ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል።

እንግዲህ የተማሪውን ጥያቄ በደንብ ያሰብኩበት ያን ጊዜ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከስደት በፊት መርካቶ ውስጥ ብዙ ዓመት ሰፍቻለሁ። ልብስ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው መገልበጥ ነው። ውጩን ማንም ያሳምረዋል፤ እውነቱ ያለው በውስጥ በኩል ነው። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው ወይስ የተራራቀ? የተቆረጠው ጠርዝ ተዘምዝሟል ወይስ ክሩ ይፈሳል? ልጁ ሲያድግ ለመልቀቅ የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ከእጥፋቱ ውስጥ አለ? ሸሚዙ ባለመስመር ከሆነ የደረት ኪሱ መስመር ከሸሚዙ መስመር ጋር ገጥሟል? ይህን የመጨረሻውን እወደዋለሁ፤ ለመግጠም ጨርቅ ይባክናል፣ ጊዜም ይፈጃል፤ ቸኩሎ የሚሰፋ ሰው አያደርገውም። ዚፑንም ሦስት አራት ጊዜ ክፈቱት፣ ዝጉት። በብዙ ዚፖች ላይ ዋይኬኬ የሚሉ ፊደላት ታያላችሁ፤ በ1934 የተመሠረተ የጃፓን ኩባንያ ምልክት ነው። እርግጥ እሱንም ያስመስሉታል።

ስም ያለው ልብስ፣ እውነተኛው ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፈተና ያልፋል። ስለዚህ «ስሙ ነው እንጂ» ማለቴ ስህተት ነበር። ሊቫይስ የሚባለውን ጂንስ ውሰዱ። መነሻው ጄኮብ ዴቪስ የሚባል እንደኔ ያለ ልብስ ሰፊ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሪኖ በምትባል የኔቫዳ ከተማ ይሠራ ነበር። የጉልበት ሠራተኞች ሱሪ ኪሱ እየተቀደደ ሲያስቸግር፣ በኪሱ ማዕዘን ላይ ትንንሽ የብረት ምስማር መታበት። ሱሪው ተወደደ። ግኝቱን በስሙ ለማስመዝገብ ግን ገንዘብ አልነበረውምና ጨርቅ ለሚሸጥለት ነጋዴ፣ ለሌቪ ስትራውስ ጻፈለት፤ መብቱም በሜይ 20 ቀን 1873 ተሰጠ። ስሙ መጀመሪያ የታወቀው ባልተቀደደ ኪስ ነው ማለት ነው። በዛሬ ጂንስ ላይ ያሉት ምስማሮች የዚያ ልጆች ናቸው።

ነገር ግን ዋጋውና ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ይለያያሉ። ጥሩ ሸሚዝ ከመናኛው ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ቢያወጣ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ሊቆይ ይችላል፤ ይህን በእጄ አይቻለሁ። አሥር እጥፍ የሚያወጣው ግን አሥር እጥፍ አይቆይም። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ ወደ ጨርቁም ወደ ክሩም አይሄድም። የልጄን ያሳበደው የናይክ ምልክት በ1971 ካሮሊን ዴቪድሰን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሣለችው ነው፤ በጊዜው የተከፈላት 35 ዶላር ነበር። ምልክቱን ውድ ያደረገው ሥዕሉ አይደለም። ኩባንያው በ1984 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ማይክል ጆርዳንን አስፈርሞ፣ ጫማውንም በስሙ እየሠራ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ልጆች ጫማ ሲገዙ ጆርዳንንም የገዙ ይመስላቸዋል። ክፍያው ለዚያ ነው።

ለሰፊውስ ምን ይደርሰዋል? የወንድሜ ልጅ ሐዋሳ በ2016 በተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። የእሷ ሥራ አንገትጌ መትከል ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንገትጌ። ስልክ ስንነጋገር፣ «ጋሼ፣ አንገትጌውን በደንብ ነው የምንሠራው፣ እርስዎ ቢያዩት ይወዱታል» ትለኝ ነበር፤ ኩራትም ነበራት። በ2019 የአሜሪካው የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ባወጡት ዘገባ፣ የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑ ተጽፏል። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ስም ባለቤት የሆነው ኩባንያ እዚያ ፓርክ ውስጥ ነበር፤ በ2021 ለቆ ወጣ። የአንድ ሸሚዝ ዋጋ በውጭ አገር ሱቅ ከአንዲት ሰፊ የወር መነሻ ደመወዝ ሊበልጥ ይችል ነበር። የወንድሜ ልጅ ዛሬ ሥራውን ትታለች። የሰፋችውን ሸሚዝ ለብሳው አታውቅም።

ወደ እኛ ልመለስ። ከናይሮቢ በቦንዳ የሚመጣውን ሰልባጅ፣ ኬንያውያን ሚቱምባ የሚሉትን፣ ብዙዎቻችሁ እንደምትንቁት አውቃለሁ። ልጆቼም ይንቁታል። እኔ ግን ካየሁት ሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። አንድ ጃኬት ሌላ ሰው ለብሶት፣ ስንት ጊዜ ታጥቦ፣ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ስፌቱ ካልላላ፣ ፈተናውን እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ጨርሷል። የስሙንም ዋጋ የመጀመሪያው ባለቤት ከፍሎልናል። ባለፈው ወር በ700 ሽልንግ የገዛሁት ጃኬት ገበሩ እንኳ አልተነካም። ያንን የ4,500 ሽልንግ ጫማ ከጎኑ ሳስቀምጠው እንደገና ተናደድኩ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ንዴቴ ሲበርድ ልጁን ጠርቼ፣ «ለምንድን ነው ግን?» አልኩት። ወዲያው አልመለሰም።

«አባዬ፣ አምና እንግዶች መጥተው ክፍላችንን ፎቶ ሲያነሡ የለበስኩትን ታስታውሳለህ?»

አስታወስኩት። ከእርዳታ የደረሰው ቢጫ ካናቴራ ነበር። ደረቱ ላይ የአንድ ቤተሰብ ስም ተጽፎበታል፤ በሩቅ አገር ዘመዳሞች ተሰባስበው ለበዓላቸው ያሠሩት መሆን አለበት።

«የማላውቀውን ሰው ስም ከምለብስ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ልልበስ ብዬ ነው» አለኝ።

ለዚህ በስፌት ትምህርቴ ውስጥ መልስ አላገኘሁለትም። ፍራሹም እስከ ዛሬ አልተገዛም። ጫማውን ግን አልጣልነውም፤ ካርቶኑን አውጥተን ከአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ሶል ቆረጥንለት፣ ዙሪያውንም በወስፌ እሱ ራሱ ሰፋው። ስፌቱ ጠማማ ነው፣ ግን ይዟል።

እህቴ ባለፈው እሑድ ደወለች። ፍራሹ ጥሩ መሆኑን ስትጠይቀኝ ልዋሽላት ተነሣሁ፤ ልጁ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ሁሉንም ነገራት። «አክስቴ፣ ጫማ ገዛሁበት፣ ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ» አላት። ለብዙ ጊዜ ዝም አለች። የአሠሪዎቿን ልብስ ስትተኩስ የምትውል ሴት ናት፤ ማርኩን ሁሉ ከእኛ ይበልጥ ታውቀዋለች።

በመጨረሻ፣ «ቁጥሩስ ልክህ ነበር?» አለችው።

«ትንሽ ይጠበኛል» አላት።