በዓይንጋዲ ዓለቶች ላይ የሚታየው ዋልያ

ከኢየሩሳሌም ወደ ዮርዳኖስ የሚወርዱ ተሳላሚዎች ሐሳባቸው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነገር የተያዘ ነው፤ ጌታችን በተጠመቀበት ወንዝና አርባ ቀን በጾመበት በገዳመ ቆሮንቶስ። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ኢያሪኮ ከሚወስደው መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፎ የጨው ባሕርን ዳር ይዞ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው፣ በዳዊት ጸሎቱ ዘወትር የሚጠራውን እንስሳ በዓይኑ ያያል። ይህን የምንጽፈው ስለዚህ እንስሳ የሚጠይቁን ምእመናን ስለ በዙ፣ ከሚጠይቁንም መካከል በፍቅር ብዛት የሚጎዱት ስላሉ ነው።

መንገዱ ቁልቁለት ነው። ከቅድስት ከተማ ከፍታ ተነሥተን ጆሮአችን እየተደፈነ፣ ሙቀቱም እየበረታ እንወርዳለን፤ ከባሕር ወለል ጋር እኩል የሆነው ቦታ በምልክት ተለይቶ ይታያል፤ ከዚያም በታች ገና ብዙ ይቀራል። ሙት ባሕር ከዓለም ባሕሮች ወለል በታች 430 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የተኛ ነው። በስተ ቀኝ የቁምራን ዋሻዎች ይታለፋሉ። በእነዚህ ዋሻዎች እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ከተገኙት ብራናዎች መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ቁርጥራጭ በአራማይክ ቋንቋ ይገኝበታል፤ መጽሐፉን በሙላት ጠብቃ ያቆየችው ግን በግእዝ የምታነበው ቤተ ክርስቲያናችን ናት። ይህን ሳናነሣ በዚያ ማለፍ አይሆንልንም።

ዓይንጋዲ የሚለው ስም በዕብራይስጥ የፍየል ግልገል ምንጭ ማለት ነው። ዳዊት ከሳኦል ፊት ሸሽቶ የተሸሸገበት ምድረ በዳ ይህ ነው፤ መጽሐፈ ሳሙኤልም ሳኦል ሦስት ሺህ ሰው ይዞ የፈለገው በበረሃ ፍየሎች ዓለቶች ላይ እንደ ነበረ ይነግረናል። ቦታውን ያላየ አንባቢ ዳዊት በደረቅ ገደል ውስጥ እንዴት ሰንብቶ እንደ ኖረ ይገርመው ይሆናል። ያየው ግን ወዲያው ይገባዋል። በራቁት ዓለት መካከል ዓመቱን ሙሉ የማይነጥፍ ውኃ ይወርዳል፤ በውኃው ዳርም ሸምበቆና ዛፍ ይበቅላል። ሰውም አውሬም ወደዚህ የሚሰበሰበው ስለዚህ ነው።

እንስሳው በሊቃውንት ዘንድ የኑብያ ዋልያ የሚባለው ነው። ጠጉሩ የአሸዋ መልክ አለው፤ ቆሞ ካልተንቀሳቀሰ ከዓለቱ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ እንደ ቀስት ታጥፎ እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል፤ የሴቲቱ አጭርና ቀጭን ነው። ሰኮናው ዳሩ ጠንካራ፣ መካከሉ ለስላሳ በመሆኑ ሰው እጁን እንኳ የማያሳርፍበትን ጠርዝ ይዞ ይወጣል።

በአንድ ጉዞ ከእኛ ጋር የወረዱ፣ ከደባርቅ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። አውቶቡሱ በቆመበት፣ ከመኪኖች መካከል፣ አንድ ትልቅ ወንድ ዋልያ በግራር ጥላ ሥር ቆሞ ሲያመሰኳ ባዩ ጊዜ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ቀሩ።

«አባታችን፣ ይኸ እኮ የአገሬ ነው። ማን አመጣው?»

«የእርስዎ አገሩ ዘመዱ ነው፣ እናታችን» አልናቸው።

ጥቂት አጢነው አዩትና «እውነት ነው፤ የእኛው ጠቆር ይላል፤ ግንባሩም ላይ እብጠት አለው» አሉ። ያሉት ልክ ነበር። የስሜን ዋልያ ከዚህኛው በአካል ይገዝፋል፤ መልኩም ይጠቁራል፤ በግንባሩ ላይ አጥንት ጎላ ብሎ ይታያል። በዓለም ላይ ከስሜን ተራሮች በቀር መኖሪያ የለውም። ያኛው ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ከፍ ባለ ውርጭ ውስጥ ገደል ለገደል ሲኖር፣ ይህኛው ከባሕር ወለል በታች በሐሩር ይኖራል። እኒያ እናት በአውቶቡሱ ውስጥ እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ የተናገሩት ስለዚሁ ነበር። በልጅነታቸው ቤት የነበረ የዋልያ ቀንድ ዋንጫ እንኳ አነሡልን።

በግእዙ ዳዊት በ41ኛውም በ103ኛውም መዝሙር የተጻፈው «ኀየል» ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ዋላ ብሎ ተርጉሞታል። በ103ኛው መዝሙር ከኀየል ጋር ተጣምሮ የተነገረው ሽኮኮ ነው፤ በዓይንጋዲም ቀና ብሎ ላየ ሰው ዋልያው በጠርዙ፣ ሽኮኮውም በስንጥቁ በአንድ ጊዜ ይታዩታል። መዝሙሩን በቃል የያዘ ካህን በዚህ ስፍራ ያለው ደስታ ከሌላው ተሳላሚ ይልቅ ይበዛል፤ ይህን ያለ ትምክህት እንናገራለን። መምህራን 41ኛውን መዝሙር ሲያስረዱ ዋላ እባብ በልቶ በጥማት እየተቃጠለ ወደ ምንጭ እንደሚሮጥ ይናገራሉ። በዓይንጋዲ የሚታየው ግን ቅጠል በል እንስሳ ነው፤ የሚጠማውም የበረሃው ፀሐይ ስለሚያደርቀው ነው። ይህን አይተን የመምህራንን ቃል አንጥልም፤ ምሥጢሩ በነፍስ ጥማት ላይ ነውና። ኢዮብን እግዚአብሔር ስለ በረሃ ፍየሎች መውለጃ ጊዜ ጠይቆታልና፣ በመጽሐፍ ክብር ያለው ፍጥረት መሆኑንም አንርሳ።

አሁን ወደ ቀረው ነገር እንምጣ። ምእመናን ከስንቃቸው ዳቦ ቆሎና አምባሻ እየቆረሱ ይጥሉለታል። በጎ አሳብ ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ ለሣርና ለቅጠል የተሠራ በመሆኑ ዳቦ ሲበዛበት ይነፋዋል፤ ዳቦው የነበረበትን የላስቲክ ከረጢትም አብሮ ይውጣል። በጥብቅ ስፍራው ውስጥ አውሬን መመገብም ክልክል ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን በውኃው አጠገብ መቆም ነው። በበጋ ሴቶቹ ግልገል እየመሩ ለመጠጣት ሲወርዱ፣ ሠላሳ ሰው ስልኩን ዘርግቶ መንገዱን ቢዘጋ ሳይጠጡ ይመለሳሉ። እኛ ጠርሙስ ይዘናል፤ እነርሱ ምንም አልያዙም። አንድ ጊዜ ሁለት ወጣቶች ፎቶ ለማንሣት ተከትለው ገደል ሲወጡ አይተን በድምፃችን ኃይል አስወርደናቸዋል። ዋልያ የሚረግጠውን ዓለት ሰው አይረግጠውም፤ ደግሞም በባሕሩ ዳር መሬቱ እየሰመጠ ጉድጓድ ይሠራልና ከተከለለው ውጭ መሄድ ለነፍስ ያሰጋል።

አደን እ.ኤ.አ. በ1955 በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥሩ በዚህ ምድር አገግሟል። የሚያድነው ነብርም ከይሁዳ በረሃ ጠፍቷል። ስለዚህም ሰውን መፍራት ትቶ ባልተጠበቀ ስፍራ ይገኛል። ወደ ደቡብ በኔጌብ፣ በታላቁ ገደል አፋፍ በተሠራችው በሚጽጴ ራሞን ከተማ፣ በቤቶች መካከል ይመላለሳል፤ ነዋሪዎቹ የተከሉትን አበባም ይበላል። በስዴ ቦቄርም የመጀመሪያው የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ጉርዮን በተቀበሩበት ስፍራ ዙሪያ በጸጥታ ሲግጥ ይታያል። አይሁድ በሚሽና እንደ ጻፉት፣ በቤተ መቅደስ በአዲስ ዓመት በዓል የሚነፋው ቀንድ የዚህ እንስሳ ነበረ፤ አፉም በወርቅ ተለብጦ ነበር። ያን ቀንድ ለሚያስብ ሰው፣ ከእንግዳ ማረፊያ ደጅ ቆሞ የጽጌረዳ ቅጠል ሲቀነጥስ ማየት ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

ለማየት የሚሹ ምእመናን ማለዳ ወይም ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ቢሄዱ ይሻላል፤ በቀትር ወደ ጥላ ይገባሉና። በጥቅምትና በኅዳር ወንዶቹ ስለ ሴቶች ቀንድ ለቀንድ ይጋጫሉ፤ ድምፁ ከሸለቆ ሸለቆ ይሰማል። ለጥምቀት የሚመጡ ከዚህ በኋላ ይደርሳሉ፤ ሴቶቹ በዚያን ጊዜ ፀንሰዋል። ለሆሣዕናና ለትንሣኤ የሚመጡ ደግሞ አምስት ወር የተረገዙትን ግልገሎች ያያሉ። እናቶቹ አንዳንድ ጊዜ ግልገሎቻቸውን አውሬ በማይደርስበት ቀጥ ያለ ገደል ላይ በአንድነት ትተው ወደ ግጦሽ ይወጣሉ፤ እየተመለሱም ያጠባሉ። ስለዚህ ብቻውን በጠርዝ ላይ ቆሞ የሚጮኽ ግልገል ቢታያችሁ የጠፋ መስሏችሁ ጠባቂውን አትጥሩ፤ ከመንገዱ ራቅ በሉ፣ እናቲቱ ትመጣለች።