አራስ ቤትና ሲኒማ

ልጃችን በተወለደ ሰሞን ወዳጆቻችን ያመጡልን ምክር ከገንፎው የበዛ ነበር። ስለ ጡቱ፣ ስለ ጡጦው፣ ስለ ማስገሳቱ ሁሉም የሚለው ነበረው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለእኛ ለራሳችን የሚሆን ነገር የተናገረ አንድ የሥራ ባልደረባችን ብቻ ነው። «ሌሊቱ ረጅም ነው፤ የምትመለከተውን ነገር አስቀድመህ አዘጋጅ» አለን። ነገሩን እንደ ቀልድ ቆጠርነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕፃኑን በትከሻችን አጋድመን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ስንመላለስ፣ ያ ሰው እውነተኛ ወዳጅ እንደ ነበረ ተረዳነው።

ይሁን እንጂ በዚያ ሰዓት የሚስማማው ሁሉ አይደለም። የጦርነት ፊልም ስንት ሰዓት የተደከመበትን እንቅልፍ በአንድ ተኩስ ያፈርሰዋል። ተከታታይ ድራማም ቢሆን፣ አባት የሆነ ሰው በየአሥር ደቂቃው ስለሚነሣ ማን ማንን እንደ ካደ ይጠፋበታል። ስለዚህም መጀመሪያ የመረጥነው ድምፅ የሌለውን ሲኒማ ነበር፤ ይኸውም ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1921 ያወጣው «ዘ ኪድ» የተባለው ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ አንድ ሕፃን ለማስተኛት ከሚፈጀው ጊዜ ጋር ይመጣጠናል።

ይህን ፊልም በተማሪነታችን ጊዜ አይተን ስቀንበት ነበር። አንድ ቤሳ የሌለው ሰው ሜዳ ላይ የተጣለ ሕፃን ያገኛል፤ ሊጥለው ይሞክራል፤ አይሆንለትም፤ ያሳድገዋል። ሕፃኑን ከጣሪያ በተንጠለጠለ ጨርቅ ላይ ያስተኛል፤ የቡና ማንቆርቆሪያ በገመድ ሰቅሎ ጡጦ ያደርግለታል፤ ጨርቅ እየቀደደ ለሽንት ያዘጋጃል፤ የወንበሩን መቀመጫ በመካከሉ ቀዶ ለሌላው ጉዳይ ያበጀዋል። ያን ጊዜ ያየነው ቀልዱን ነው፤ አሁን ግን የእጅ ሥራውን መረመርን። የማንቆርቆሪያው ነገር መልካም ብልኀት ይመስላል ብለን ለልጃችን እናት ብንነግራት ፈጽማ አልሳቀችም።

ቻፕሊን ይህን ፊልም መሥራት የጀመረው የመጀመሪያ ልጁ እ.ኤ.አ. በ1919 ተወልዶ በሦስተኛው ቀን ከሞተበት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። እርሱ ራሱም በልጅነቱ በሎንዶን ከድኽነት የተነሣ ወደ ድኾች ማደሪያ ገብቶ ከእናቱ ተለይቷል። ይህን ካወቁ በኋላ፣ ሹማምንቱ ብላቴናውን በመኪና ጭነው ሲወስዱትና ልጁ እጁን ዘርግቶ ሲያለቅስ፣ አባት ተብዬውም በጣሪያ ላይ እየሮጠ ሲከተለው፣ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል። በፊልሙ ያየነው ልጅ፣ ጃኪ ኩገን፣ አድጎ የልጅነቱን ገንዘብ ቢጠይቅ እናቱና እንጀራ አባቱ አብዛኛውን ጨርሰውት ተገኘ። በዚህም ምክንያት በካሊፎርንያ እ.ኤ.አ. በ1939 የሕፃናት ተዋንያንን ገቢ የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ልጁን ያሳደገው ድኻ በሲኒማው ውስጥ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የኢጣልያኑ የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ሥራ አጥቶ የቆየ አባት ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ይፈልጋል፤ ብስክሌቱ በመያዣ ተይዟል፤ ሚስቱ የአልጋ አንሶላቸውን አስይዛ ታስለቅቅለታለች፤ በመጀመሪያው ቀን ይሰረቃል። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ሮማን ሲዞሩ ይውላሉ። አባት ሆኖ የሚጫወተው ሰው የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም። ስለዚህ ፊልም ብዙ ተጽፏል፤ እኛን የያዘን ግን አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ማለዳ ወደ ሥራ ሊወጡ ሲሉ ብላቴናው ወደ አልጋው ዞር ብሎ የተኛችውን ሕፃን ያያል፤ ብርሃኑ እንዳይቀሰቅሳትም መስኮቱን ይዘጋል። ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ አይተነው ይህችን አላየናትም ነበር። አባቱ ተስፋ ቆርጦ በጥፊ የሚመታው፣ በመጨረሻም ሲሰርቅ ተይዞ በፊቱ የሚዋረደው፣ ይኸው መስኮት የዘጋው ልጅ ነው። (የአገራችን ሲኒማም በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ስሙ «ሂሩት አባቷ ማነው?» መሆኑ ትዝ ይለናል።)

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። በሰባተኛው ሳምንት፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሕፃኑን በጭናችን አስተኝተን ዐይናችንን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክለን ሳለ፣ ልታርስ ከአገር ቤት የመጡት እናታችን «ሳቀልህ እኮ» አሉ። ዞር ብንል ልጁ አፉን ገጥሟል። «ማን ሳቀ?» አልን። «ልጅህ። አንተ ሣጥኑን ታያለህ፤ እሱ አንተን ያያል» አሉን። የመጀመሪያው ሳቁ ነበር፤ አመለጠን። ምን እያየን እንደ ነበር ዛሬ አናስታውሰውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ምንም ዐይነት ቴሌቪዥንም ሆነ የስልክ ሥዕል ባያይ ይመረጣል ይላል። እኛ ግን የሕፃኑን ፊት ወደ ግድግዳ ካዞርን መመሪያውን የፈጸምን መስሎን ነበር። እኛው በልጅነታችን ከአባባ ተስፋዬ ፊት ተኰልኵለን ያደግን ነን፤ የእርሳቸውን ተረት ስንሰማ ግን ቢያንስ እግራችን ቆሞ ይሄድ ነበር። «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለችውም ቀጭኔ ተራዋ እስኪደርስ ትቆየን ብለን ወሰንን። ቴሌቪዥኑ ልጁ ነቅቶ ሳለ እንዳይከፈት ሆነ።

ሦስተኛውን ፊልም በአንድ ጊዜ መጨረስ አልቻልንም። የሕንዱ ሳትያጂት ራይ እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው «ፓተር ፓንቻሊ» ነው። ራይ ገንዘብ አልቆበት ሥራው እየቆመ እየተነሣ ዓመታት ወስዶበታል፤ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ወጪውን ባይሸፍንለት ኖሮ ባልተጨረሰም። በፊልሙ ዱርጋ የምትባል ልጅ ዝናብ መትቷት ትታመማለች፤ ሌሊት ማዕበሉ በሩን ሲገፋ እናቲቱ በእጇ ትደግፋለች። በዚያው ሳምንት የእኛም ልጅ ትኩሳት ይዞት ነበርና ተነሥተን አጠፋነው። ትኩሳቱ በማግሥቱ በረደ፤ ፊልሙን ግን ለሁለት ወር አልነካነውም። ኋላ ስንጨርሰው፣ ከሩቅ አገር የተመለሰው አባት ነገሩን ሳያውቅ ያመጣውን ስጦታ አንድ በአንድ ያወጣል፤ ለልጂቱ የገዛውን ልብስ ለእናቲቱ ሲሰጣት ታለቅሳለች፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም፤ በልቅሶዋ ፈንታ የሚሰማው የራቪ ሻንካር ሙዚቃ ነው። ወደ መኝታው ሄደን ልጃችን መተንፈሱን አረጋገጥን።

የመጨረሻውን የተመለከትነው ልጁ ተኝቶ ሳለ ከእናታችን ጋር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው የያሱጅሮ ኦዙ «የቶክዮ ታሪክ»። ጃፓንኛም ሆነ ከሥር የተጻፈው አይገባቸውምና መተርጐም ጀምረን ነበር፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ «ተወው፤ ገብቶኛል» አሉን። ሁለት ሽማግሎች ከሩቅ ከተማ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ሥራ በዝቶባቸዋል እንጂ። ወላጆቻቸውንም ወደ ፍል ውሃ መዝናኛ ይልኳቸዋል፤ በዚያም የሌሊቱ ጫጫታ እንቅልፍ ይነሣቸዋል። እናታችን እዚህ ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እኔም ሰነበትሁ፤ ቅዳሜ ልሂድ» አሉ። ብንለምናቸውም እንቢ አሉ፤ ሕፃኑ ሲያለቅስም ፊልሙ ሳያልቅ ተነሣን።

ቅዳሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። አገር ቤት በገቡ በሦስተኛው ቀን ደወሉ። የልጁን ጡት፣ የልጁን እንቅልፍ፣ የእናቱን ወገብ ጠይቀው ካበቁ በኋላ፣ «ያች አሮጊት እንደምን ሆነች?» አሉ። እኛ ፊልሙን ለብቻችን ጨርሰነው ነበር፤ አሮጊቷ ከመንገድ ታምመው ቤታቸው በገቡ በጥቂት ቀን ይሞታሉ።

«በደኅና አገራቸው ገቡ» አልናቸው።