«ከሳሽ» ቢሏትስ?

እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ሁለት ምጣድ አጠገብ ቆማ ነው የምትውለው። እኔና ሁለት ወንድሞቼ የምንማረው በዚያች እንጀራ ስለሆነ፣ የጉልበቷ ነገር የጤና ብቻ ሳይሆን የቤታችን የበጀት ጉዳይም ነው።

ሕመሙ ሲጀምራት ሰፈሩ ወዲያው ፍርዱን ሰጠ፤ «ሪህ ነው!» ከዚያማ ምን ልበላችሁ... ሥጋ አትብዪ፣ ምስር ይቅርብሽ፣ ቲማቲም ጠላትሽ ነው። ሁሉም ሐኪም ሆነ። አረብ አገር ያለችው አክስቴ ደግሞ ግሉኮሳሚን የሚባል ክኒን በሰው እጅ ላከች። በመጨረሻ ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ኦስቲኦአርትራይትስ መሆኑን ነግሯት «እማማ፣ ክብደት ይቀንሱ» ብሎ ሸኛት። እንዴት እንደምትቀንስ ግን የነገራት የለም። ወረፋው ረጅም ነበር መሰለኝ።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ሁለቱ በሽታዎች ይለያያሉ! ሥጋ ቀንሱ የሚባልበት ሪህ፣ ጋውት የሚሉት፣ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ክሪስታል እየተጠራቀመ የሚያመጣው ነው። የእማዬ ግን በአጥንት ጫፍ ላይ ያለው፣ ካርቲሌጅ የሚባለው ልሙጥ ሽፋን እየሳሳ፣ መገጣጠሚያው በሙሉ እየተጎዳ የሚመጣ ነው። ምስር መተው ያንን ሽፋን አይመልሰውም። እንዲያውም በጾም ምስርና ሽሮ ከከለከልናት ፕሮቲን ከየት ልታገኝ ነው? ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው እኮ የጭን ጡንቻ ነው።

ክኒኑስ? በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 1,583 የጉልበት ሕመምተኞችን ይዞ የተደረገ ጥናት ውጤት ሲወጣ፣ ግሉኮሳሚን በጠቅላላው ሲታይ ከባዶ ክኒን የተሻለ አላስታገሰም። የአክስቴ ላብ ነው ያሳዘነኝ።

ክብደት ግን ሌላ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ይቀልለታል። በቀን ስንት እርምጃ እንደምንራመድ እናንተው አስሉት።

ይህን ስነግራት «እኔ ምን በልቼ ነው የምወፍረው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ገበታ ላይ ብዙ አትበላም። ግን የተቀደደውን እንጀራ በቆመችበት ትጎርሳለች፣ ሻይዋ ሦስት ማንኪያ ስኳር ነው፣ የጾም ወጥ ደግሞ ዘይት ካልተንሳፈፈበት ወጥ አይመስላትም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ እሷ ደግሞ የምትለካው በዓይኗ ነው። እናም ዘይቱን በማንኪያ አደረግነው፣ ስኳሩ ወደ አንድ ወረደ፣ የተቀደደው እንጀራ ድርቆሽ ሆነ። ጎመን በዛ።

ከሁሉ የከበደው ምግቡ ሳይሆን የሰው አፍ ነበር። እኛ ሰፈር መክሳት ምስጋና አይደለም። «ምን ነካሽ? አሞሽ ነው?» ይሏታል። እሷም «ደንበኞቼ በሽተኛ ናት ብለው ይሸሹኛል» ብላ አንድ ሰሞን ስኳሩን መልሳው ነበር። በዚህ አልፈርድባትም፤ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት።

በስድስት ወር 5 ኪሎ ቀንሳለች። ሕመሙ አልጠፋም፤ ደረጃ ስትወርድ አሁንም ግድግዳ ትይዛለች። ግን ድሮ ሠላሳ እንጀራ ሳትሞላ ታርፍ የነበረችው፣ አሁን ሃምሳውን ጨርሳ ነው የምትቀመጠው። አክስቴ ሌላ ብልቃጥ ልላክ ወይ ብላ ስትደውል፣ ሚዛን ላኪልን አልናት። እስካሁን የምትመዘነው መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ ከሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ነው።