የለገዳዲ መስክ

የገና ዕለት ለገዳዲ ነበርኩ። ሁለት ቀን እረፍት አግኝተን ከጓደኛዬ ጋር ወደ እናቱ ቤት ሄደን ነው። ጓደኛዬ ጎልፍ ይወዳል፤ የለመደውም አዲስ አበባ፣ አሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ ባለው የጎልፍ ክበብ ነው። ያን ቀን ሁለት ዱላና አምስት ኳስ መኪናው ውስጥ ነበሩ። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሦስተኛ ከደረሰ በኋላ «እስቲ መስኩ ላይ ትንሽ ልምታ» አለና ተያይዘን ወጣን።

አዲስ አበቤ ለገዳዲን የሚያውቀው በቧንቧው ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተገነባው ግድብ እስከ ዛሬ ከተማውን ያጠጣል። በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ ነው፣ «ዳዲ» ደግሞ ጠጅ። እኔ ግን አሁን ስለ ውሃው ሳይሆን ስለ መሬቱ ነው የምነግራችሁ። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይወርድና ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አፈሩ መረሬ ነው። ክረምት ጫማ ነቅሎ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል፤ በጋ እንደ ድንጋይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እጄን ወደ አንዱ ንቃቃት ሰደድኩ፤ እስከ አንጓዬ ገባ።

ጓደኛዬ የመጀመሪያዋን ኳስ ሲመታ ሁለታችንም ዝም ብለን አየናት። ሄደች፣ ሄደች፣ አሁንም ሄደች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ የሚይዛት ነገር ያንሳል። አትሌቶቻችን በሰንዳፋና በሱሉልታ ሳንባቸውን የሚፈትኑበት ይኸው ስስ አየር ለኳስ ክንፍ ይሆናታል። ከዚያ ወረደች፤ ደረቁ መሬት ላይ ሁለቴ ነጥራ ድራሿ ጠፋ። የጎልፍ ኳስ ስፋቷ አራት ሳንቲ ሜትር ከምናምን፣ ክብደቷም ከ46 ግራም በታች ነው። መረሬ እንዲህ ያለችውን አይመልስም። ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም እንደዚያው ቀሩ። አንድ እረኛ ልጅ በሆዱ ተኝቶ፣ ዱላውን ንቃቃቱ ውስጥ እየሰደደ አንዷን አወጣልንና አገላብጦ አያት። «ቂሌ ነው?» አለ። ቂሌ ማለት እኛ በአማርኛ ገና የምንለው ጨዋታ ነው።

አጥር ጥግ ተቀምጠው ሲያዩን የነበሩ አንድ አዛውንት ተነሥተው መጡ። ዱላውን ተቀብለው መዘኑት፤ ጫፉንም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይህን መሬት በሰማይ አታሸንፈውም» አሉት። «መሬት ለመሬት ንዳት። የት እንደሚሰነጠቅ እግርህ እስኪያውቀው ድረስ በእግርህ ሂድበት።»

«እርስዎ ተጫውተዋል እንዴ አባባ?» አልኳቸው።

ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቅልጥማቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ። ትንሽ ጎድጎድ ያለች፣ ጥፍር የምታህል ጠባሳ ናት። የገና ኳስ፣ ሩር ናት የመታቻቸው፤ ከጠንካራ እንጨት የተጠረበች።

ከዚያ በኋላ ጎልፉ ቀረ፣ ወሬው ደራ። የገና ዱላ ከወይራ ይቆረጣል፤ ጫፉን እሳት ላይ ለብለብ አድርገው ይቆለምሙታል። ኳሷ ከእንጨት ከሆነች ሩር ናት፤ ከጠፍር ከተሠራች ጥንግ ትባላለች። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ለሁለት ይከፈላል። ስንት ሰው ይሰለፋል ብዬ ብጠይቅ «የመጣው ሁሉ» አሉኝ። እህሉ ታጭዶ ወደ አውድማ ስለሚገባ ማሳው ሁሉ ሜዳ ነው። የገና ዕለት ጌታና ሎሌ እኩል ስለሚሆኑ፣ ጌታ ቢመታም አይቆጣም ይባላል። ጨዋታውን የጀመሩት የጌታን ልደት ሰምተው በደስታ የዘለሉት እረኞች ናቸው ብለው አባቶች ያወርሱናል።

ስኮትላንዳውያንም ጎልፍን የጀመሩት እንዲህ ባለ መስክ ላይ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1457 ፓርላማቸው ሰዉ ቀስት መለማመዱን ትቶ ዱላ ይዞ ሜዳ ወጣ ብሎ ጨዋታውን እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። የጥንት ኳሳቸው ላባ የተጠቀጠቀበት ቆዳ ነበረች፤ ከኛ ጥንግ እምብዛም አትርቅም። ነፋስ በሚበዛበት፣ መሬቱም ደረቅ በሆነበት የባሕር ዳርቻ ሜዳቸው ላይ ዛሬም ኳሷን ዝቅ አድርገው መሬት ለመሬት ይነዷታል፤ አዛውንቱ ለጓደኛዬ እንደመከሩት ማለት ነው። እነሱ ግን ሜዳቸውን ጠበቁት። ሴንት አንድሩስ ላይ 18 ጉድጓድ የተወሰነው በ1764 ነው፤ ያ ሜዳ ዛሬም ሜዳ ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። አዛውንቱ በዱላቸው እየጠቆሙ «ከዚያ ዛፍ እስከዚያ ወንዝ እንጫወት ነበር» ሲሉኝ፣ በዛፉና በወንዙ መካከል የቆርቆሮ አጥርና ያላለቀ ግንብ ቆሟል። ቤት መሠራቱን አልቃወምም፤ ሰው መጠለያ ያስፈልገዋል። ለገጣፎ ለገዳዲ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ነው፤ መንገዱም ግንቡም እየመጣ ነው። ነገር ግን ሜዳ አንዴ ከታጠረ በኋላ መልሶ ሜዳ ሲሆን አላየሁም። የገና ጨዋታ በባህል ስፖርት ውድድሮች ላይ በተለካ ሜዳ፣ በተቆጠረ ተጫዋች መቀጠሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ደስ ይለኛል። የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር የሚገጥምበት፣ ንቃቃቱን እግር የሚያውቀው ሜዳ ግን በውድድር አይተካም። ልጁ የሚማረው እዚያ ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጓደኛዬ የቀሩትን ኳሶች ለእረኛው ልጅ ሰጠው። ልጁ አንዷን መሬት ላይ አኖረና ሣሩን ሳይነካ በራሱ ዱላ ገፋት። ንቃቃቱን ሁሉ እየዞረች ሄደች። አዛውንቱ «አየህ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

የከተማ ፕላን የምታወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ካርታው ላይ «ባዶ ቦታ» ተብሎ የሚታየው መስክ የሰው ሜዳ ሊሆን ስለሚችል ከማጠራችሁ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌ ጠይቁ። ለየሰፈሩ አንድ መስክ ተዉ። እናንተም በከተማው ዙሪያ ዘመድ ያላችሁ፣ የሚመጣው ታኅሣሥ 29 ከምሳ በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ዱላ የሚቆለምም ሽማግሌ አሁንም አለ።