የቃል ዕዳ

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉ ነበር። የዚህ ተረት ክብደት የሚታወቀው ግን ቃል የሰጠው ሰው በተፈተነበት ቀን ነው። ቃሉ የተሰጠው ለክፉ ሰው፥ የተጠየቀውም ሥራ ክፉ የሆነ እንደሆነስ? ይህን ጥያቄ ከማይጠበቅበት ሥፍራ፥ ጥይት ከሚዘንብበት ፊልም ውስጥ ስላገኘነው፥ ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን።

ፊልሙ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. የወጣው «ጆን ዊክ ምዕራፍ ሁለት» ነው። በ2014 ዓ.ም. በወጣው በመጀመሪያው ክፍል፥ ሥራውን ትቶ የነበረ አንድ ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳይ፥ ሟች ሚስቱ መጽናኛ ትሁንህ ብላ የላከችለት ቡችላ ስለተገደለችበት ለበቀል ይነሣል። ብዙ ተከታይ ፊልሞች የፊተኛውን ታሪክ ደግመው የሬሳውን ቍጥር ከማብዛት በቀር የሚጨምሩት የላቸውም። ይህኛውም ሬሳውን አላሳነሰም፤ ነገር ግን በበቀል ፈንታ ዕዳን የታሪኩ መሠረት አድርጎአል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊክ ከግድያ ሥራ ወጥቶ ትዳር ለመያዝ በፈለገ ጊዜ፥ ሳንቲኖ ከተባለ ኢጣሊያዊ እርዳታ ተቀብሎ፥ የጣቱን አሻራ በደሙ ያተመበት የቃል ኪዳን ምልክት ሰጥቶት ነበር። ሳንቲኖ ያንኑ ምልክት ይዞ መጥቶ፥ ሮማ ሄደህ እኅቴን ግደልልኝ ይለዋል። ዊክ እምቢ ሲል ቤቱ ይቃጠላል። የነፍሰ ገዳዮቹ ማረፊያ የሆነው ሆቴል ሹም ዊንስተንም ሁለቱን የማኅበራቸውን ሕጎች ያስታውሰዋል፤ በሆቴሉ ግቢ ደም አይፈስም፤ በደም የታተመ ዕዳም ሳይከፈል አይቀርም።

እኛ ከሁሉ ይልቅ ያደነቅነው ይህ ሕግ በሥራ ላይ ሲውል የሚታይበትን ክፍል ነው። ዊክና የሟቿ ጠባቂ ካሲያን በሮማ ጎዳና እየተደባደቡ፥ መስኮት ሰብረው ከሆቴሉ ውስጥ ይወድቃሉ። ሕጉ ወዲያው እጃቸውን ይይዘዋል። አንዱ የአንዱን ነፍስ እየፈለገ፥ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ ጨዋ ሰው መጠጥ ይጠጣሉ። ተመልካች ይሥቃል፤ ከሣቁም በኋላ ያስባል።

የፊልሙ አዘጋጅ ቻድ ስታሄልስኪ፥ በ1999 ዓ.ም. በወጣው «ማትሪክስ» ውስጥ በአደገኛው ትርኢት የኪያኑ ሪቭስ ምትክ የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ የመውደቅን ሕመም ያውቃል። ሌሎች ሥዕሉን እየቈራረጡ የተዋናዩን ድካም ሲሸፍኑ፥ እርሱ ካሜራውን ራቅ አድርጎ ሰውነቱን በሙሉ ያሳየናል። ዊክ ጥይት ያልቅበታል፤ እንደ ገና ያጎርሳል፤ ይቈስላል፤ ያነክሳል። ኦርሰን ዌልስ በ1947 ዓ.ም. «የሻንጋይዋ እመቤት» በተባለው ፊልም ዝነኛ ያደረገው የመስተዋት አዳራሽም እዚህ ተመልሶ መጥቶአል። በዚያ መካከል ሰውየውን ከጥላው ለመለየት ያስቸግራል።

አንዳንድ መምህራን ይህ ሁሉ ግድያን ማሳመር ነው ቢሉ አንፈርድባቸውም። የሚሞቱት አብዛኞቹ ስም የላቸውም፤ የሚያለቅስላቸውም አይታይም፤ ይህ የፊልሙ እውነተኛ ጕድለት ነው፤ ለሕፃናትም የሚገባ አይደለም። ነገር ግን ፊልሙ ግድያው አትራፊ ነው ብሎ አይዋሽም። ዊክ ዕዳውን በከፈለ ማግሥት፥ ያው ሳንቲኖ የእኅቴን ደም ልበቀል በሚል ሰበብ በራሱ ላይ 7 ሚሊዮን ዶላር ያስነግርበታል።

በመጨረሻ ዊክ ሳንቲኖን በሆቴሉ ውስጥ ገድሎ ሕጉን ይጥሳል። ዊንስተን ወዳጁን ከማኅበሩ ያወጣዋል፤ ሆኖም የአንድ ሰዓት ጊዜ ይሰጠዋል። ሕጉ አንዲት ሴት በወንድሟ ትእዛዝ ስትገደል ዝም ብሎ ነበር፤ የተቈጣው ደሙ የፈሰሰበት ሥፍራ ስለ ተደፈረ ነው። ሕግ የምናስፈጽምም የምናስተምርም ሰዎች ልናስብበት የሚገባን ይህ ይመስለናል። ሕግን መጠበቅ ብቻውን ጽድቅ አይሆንም፤ ሕጉ ማንን እንደሚጠብቅም መጠየቅ ያስፈልጋል። ያችም አንዲት ሰዓት፥ ከብዙ ጥይት መካከል፥ የሰው ልብ ለሕጉ የጨመረላት ምሕረት ናት።