«ጻፍብኝ ብላለች»

እናንተ የዛሬ ወጣቶች፣ በተለይ አዲስ አበባ ቤት ተከራይታችሁ ብቻችሁን የምትኖሩት፣ አንድ ነገር ስትሉ ደጋግሜ እሰማለሁ። «ክፍለ ሀገር እኮ ሰው ይተዋወቃል! እዚህ ብሞት እንኳ ማን ያውቅልኛል?» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። ነገር ግን መታወቅ የሚባለው ነገር ዋጋው ስንት እንደሆነ ልትነግራችሁ የምትችለው እዚያው ያደገች ናትና እስቲ የእኔን ስሙኝ።

ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የዓባይን በረሃ ወርዳችሁ ደጀን ላይ ከወጣችሁ በኋላ የምታገኟት ደጋ ከተማ። ድሮ መንቆረር ትባል ነበር፤ ኋላ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ተጠራች። የእኛ ቤት ከከተማው ዳር ስለነበር ትምህርት ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በእግር ነው ታዲያ! ታክሲ የለ፣ ባጃጅ የለ። ኅዳር ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ጫማ ያለው ልጅ ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ይሄዳል። እግር ይታጠባል፣ ጫማ ግን ያልቃል! ከጨሞጋ ማዶ የሚመጡት የገጠር ልጆች ገሳ ለብሰው፣ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይደርሱብናል፤ እነሱ ሁለት ሰዓት ተጉዘው ሲስቁ እኛ አንዷን ሰዓት እናማርራለን።

በዚህ መንገድ አጋማሽ ላይ ነበረች ሱቋ።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። ስኳርና ሳሙና የሚገኘው በቀበሌው ኅብረት ሱቅ፣ በኩፖን፣ ያውም ሰልፍ ተይዞ ነው። ኅብረት ሱቅ ደግሞ ዱቤ አያውቅም። ጨው፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ ላምባ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ግን ከዚያች ሱቅ እንወስዳለን። ባለ ሱቁን «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። እናቴ ጠላ ሻጭ ነበረች። ጠላው የሚሸጠው በገበያ ቀን ስለሆነ ከዚያ በፊት የሚያስፈልገንን ሁሉ የምወስደው በአንዲት ቃል ነው፦ «እናቴ ‹ጻፍብኝ› ብላለች።»

ይህቺን ቃል መናገር እንዴት ያሳፍር እንደነበር ምን ልበላችሁ! ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ከረሜላ የማማርጥ መስዬ እቆማለሁ። ሰውየው ሲወጣ ቶሎ ብዬ እናገራለሁ። ጋሼ ታዲያ ገብቷቸዋል። እርሳሳቸውን ምላሳቸው ላይ ነካ አድርገው፣ አንድም ነገር ሳይናገሩ ይጽፋሉ።

የዱቤው አሠራር ዛሬ ሲታሰብ ይገርማል። ወለድ የለ፣ ፊርማ የለ። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ሲቀበል ይከፍላል፣ ገበሬው እህሉ ሲገባለት፣ እናቴ ደግሞ በገበያ ማግሥት። ከገጠር መጥቶ ክፍል ተከራይቶ፣ በሶና ቆሎ ስንቁን ይዞ የሚማር ልጅ ዱቤ ከፈለገ ዋስ ማምጣት አለበት። ዋሱ ገንዘብ ያለው ሰው መሆን የለበትም። የሚታወቅ ይሁን እንጂ! ያልከፈለ ሰው ፖሊስ አይመጣበትም፤ በዚያ መንገድ ማለፍ ነው የሚያቅተው። ሌላ መንገድ ደግሞ የለም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ እናቴ ማታ ማታ ፊደል መቁጠር ጀመረች። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን ዕዳዋን ልትከፍል እኔን አስከትላ ሄደችና «አያ፣ ደብተሩን እስቲ አሳየኝ» አለች። ጋሼ ሳያቅማሙ ገጹን ገልጠው ሰጧት። ጣቷን በመስመሩ ላይ እየጎተተች አነበበች። ሒሳቡ ልክ ነው፣ አንዲት ሳንቲም አልተጨመረባትም። በገጹ አናት ላይ ግን የተጻፈው ስሟ አልነበረም። «ጠላ ሻጯ» ይላል።

«አያ፣ እኔ ስም የለኝም እንዴ?» አለች።

ጋሼ ደነገጡ። ሁሉንም የሚጽፉት እንዲያ ነበር፤ «የዘበኛው ሚስት»፣ «መምህሩ»፣ «ያቺ ከግንቡ ጀርባ ያለችው»። በላጲስ አጠፉና ስሟን እስከነአባቷ ጻፉ። እናቴ ፊደሉን አንድ በአንድ ተመልክታ «እንዲህ ነው!» አለችና ከፈለች። ከዚያ ወዲያ «ጻፍብኝ ብላለች» ማለት አላሳፈረኝም።

እንግዲህ ይህን ስነግራቸው ወጣቶች «አይ ጊዜ! የዛሬ ባለ ሱቅ የታለና?» ይሉኛል። አለ እኮ! ሠፈራችሁ ያለው ነው። ዛሬ አንዱ ሱቅ፣ ነገ ሌላው ከምትሉ አንዱን ያዙ። ስሙን ጠይቁ፣ ስማችሁን ንገሩት። የወሰዳችሁትን ሳትጠየቁ ክፈሉ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር እንኳ «መላ» ብሎ በስልካችሁ ያበድራችኋል፤ እሱም ቢሆን የሚያበድረው ስለ እናንተ ስለሚያውቅ ነው። «እናትሽ ተሻላት ወይ?» ብሎ ግን አይጠይቃችሁም። አንዳንዷ «ባይጠይቀኝ ይሻለኛል!» ትላለች። ይቺ ልጅ አልተሳሳተችም፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከሱቋ ደጃፍ አንዲት አግዳሚ ነበረች። ወንዶቹ ማታ ማታ እዚያ ይሰበሰባሉ። ጋሼ ሬዲዮ ስለነበራቸው «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲጀምር ጸጥ ይባላል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሰማነው እዚያው ቆመን ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የዚያ መጽሐፍ ደራሲ ሐዲስ አለማየሁ የተወለዱት እዚያው ከደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ እንዶዳም ነውና ሰው ሁሉ የራሱ ዘመድ ታሪክ አድርጎ ነበር የሚሰማው። ፊታውራሪ መሸሻ ሰብለ ወንጌልን በቤት ዘግተው ሲያስቀምጧት «ወይኔ ልጄን!» ብለው ዓይናቸውን የሚጠርጉ ሽማግሌዎች ነበሩ።

በማግሥቱ ግን እነዚያው ሰዎች እዚያችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የእኛን እርምጃ ይቆጥራሉ! ማን ከማን ጋር ሄደች፣ ማን ዘገየች፣ ማን ሳቀች... አንድ ጊዜ ለእናቴ «ልጅሽ ከሁለት ወንዶች ጋር ስትስቅ ነበር» ብለው ነገሯት። እናቴ «ስታለቅስ አልታየች፣ ምን አስጨነቃችሁ?» ብላ መለሰቻቸው። እኔ የዳንኩት በዚህች መልስ ነው።

ሁሉም ልጅ እንዲህ ያለች እናት አልነበራትም። አብራኝ የምትመላለስ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። ስድስተኛ ክፍል ነበርን፣ ዕድሜዋም 13። በሒሳብ እኔን አስከንድታ ነበር የምትበልጠኝ። ስለ እሷም ወሬ ከአግዳሚዋ ተነሥቶ አባቷ ጆሮ ገባ። ወሬው ምን ነበር መሰላችሁ? ጥያቄ ሊጠይቃት የመጣ የክፍላችን ልጅ መንገድ ላይ ደብተሯን መያዙ! አባቷ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ፈሩ። ለጥር ዳሯት።

ያን ጊዜ ሕጉ ራሱ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልታገባ ትችላለች ይል ነበር። 18 ዓመት የተባለው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የአማራ ክልልም የራሱን በ1995 ዓ.ም. አወጣ። ለእሷ ግን 15ቱም አልደረሰም። ሽማግሌ ሲቀመጥ «ዕድሜዋ ስንት ነው?» ተባለ። ማን ማታ ምን እንደበላ፣ ማን ስንት እንደተበደረ የሚያውቅ ሠፈር የእሷን ዕድሜ ብቻ የሚያውቅ ጠፋበት። እናቷ ስትወልድ ገንፎ የበሉ ሴቶች እንኳ ዝም አሉ። «15 ይሆናታል» ተባለና አለቀ።

በጋሼ ደብተር ላይ የእናቴ ገጽና የአባቷ ገጽ ፊት ለፊት ነበሩ። ጋሼ ሲጽፉ ዓይኔ ሁልጊዜ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ከሰርጉ በፊት «ደብተር 2፣ እስክሪብቶ 1፣ ላምባ 2 ጠርሙስ» ይላል። ጥር ላይ «ሻማ፣ ሽቶ፣ ጃንጥላ 1» የሚል ረጅም ዝርዝር ተጻፈበት። ከየካቲት ጀምሮ ጨውና ክብሪት ብቻ ሆነ። ላምባውም ወደ 1 ጠርሙስ ወረደ፤ በዚያ ቤት ማታ አምሽቶ የሚያጠና ልጅ አልነበረምና።